ናሙናው ላብራቶሪ ከመድረሱ በፊት



ሐኪም ከጡት፣ ከአንገት ወይም ከማሕፀን በር ላይ ቁራጭ ወስዶ «ውጤቱ ሲደርስ ትመለሻለሽ» ካለ በኋላ ያለውን ጊዜ ታካሚዋና ቤተሰቧ በጸሎትና በጭንቀት ያሳልፉታል። ቁራጯ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተራ እየጠበቀች አይደለም። በኬሚካል ትጠነክራለች፣ ውሃዋ ተመጥጦ ይወጣል፣ በውሃው ቦታ ሰም ይገባል፣ ከሰው ፀጉር ከአሥር ጊዜ በላይ ቀጥና ትቆረጣለች፣ ቀለም ትነከራለች። ይህን የሚሠሩት ታካሚዋ አይታቸው የማታውቅ የሂስቶሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። እኔም ከእነሱ መካከል ነኝ።

ስለ ሥራችን ችግር ልነግራችሁ የመጣሁት እንድታዝኑልን አይደለም። ከሁሉ የከፋው ችግር የሚፈጠረው ናሙናው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በተላላኪ እጅ፣ በአውቶቡስ ውስጥ። እዚያ ደግሞ የእናንተም እጅ አለበት።

ለምርመራ የተቀዳ ደም ቢበላሽ ነርሷ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ትቀዳለች። ከሰውነት የወጣ ዕጢ ግን ምትክ የለውም። ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ አውጥቶት ከሆነ የሚደገም ነገር አልቀረም። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት በመሣሪያ የተቆነጠረ ከሆነም፣ መድገም ማለት ታካሚውን እንደገና ማስራብ፣ እንደገና ማሳመም፣ እንደገና ማስከፈል ነው። ቁራጩን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የቱንም ያህል የተማረ፣ ማይክሮስኮፑም የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከበሰበሰ ሥጋ እርግጠኛ መልስ አይገኝም።

መበላሸቱ የሚጀምረው ቁራጯ ከደም ሥሯ በተለየችበት ደቂቃ ነው። ደም ሲቋረጥባቸው ሕዋሳቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ይለቀቁና ሕዋሳቱን ራሳቸውን መፍጨት ይጀምራሉ። ይህን የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው። በሥራ ላይ የምናውለው «አሥር በመቶ ፎርማሊን» የሚዘጋጀው ከፋብሪካ የመጣውን ጠንካራውን 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ፣ አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቁ ሁለት የፎስፌት ጨዎች በመጨመር ነው። በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ፎርማሊን ለመቆጠብ ሲባል ቁራጩ እስኪርስ ያህል ብቻ ይፈስበታል። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጋር ሲነጻጸር የፎርማሊኑ ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ፎርማሊን ወደ ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በዝግታ ነው። መጀመሪያ ላይ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ቢሄድ ነው፤ እየጠለቀ ሲመጣ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ቋንጣ የምታዘጋጅ እናት ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ሥጋውን በስሱ የምትዘለዝለው ወፍራም ከሆነ ጨውና አየር መሃሉ ሳይደርሱ ስለሚሸትባት ነው። በካንሰር ምክንያት ሙሉ ጡት ወጥቶ ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውም ይኸው ነው። ላዩ ጠንክሮ ግራጫ ይሆናል፤ ዕጢው ያለበት መሃሉ ግን ቀይና ልስልስ እንደሆነ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጡቱ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ መሃል ጎዝ ገብቶለት፣ ፎርማሊኑ በሁሉም በኩል እንዲያገኘው መደረግ አለበት። ላብራቶሪው ቅርብ ከሆነ ይህን እኛ እንሠራዋለን። ሩቅ ከሆነ ግን ቀዶ ሐኪሙ አቅጣጫውን በክር ምልክት አድርጎ እዚያው ሊሰነጥቀው ይገባል። ሐኪሞች የዕጢው ቅርጽ ይበላሽብናል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ጉዳቶች የመበስበሱ ይብሳል።

ከፎርማሊን ሕግ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። ከአንገት ዕጢ ሲወጣና የቲቢ ጥርጣሬ ሲኖር፣ ቁራጩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ፣ ሌላው ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው እዚያ ውስጥ የገባውን ማሳደግ አይቻልም። በአገራችን ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የቲቢ ታካሚዎችን በሽታው ከሳንባ ውጭ ስለሚይዛቸው ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ናሙና ብዙ ጊዜ ጠባብ አፍ ባለው የመድኃኒት ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ ይመጣል። ትኩስ ሥጋ ልስልስ ስለሆነ በጠባቡ አንገት ሲገፉት ይገባል። ፎርማሊን ውስጥ አድሮ ሲጠነክር ግን አይወጣም። ላስቲኩን በመቀስ እንቀደዋለን። ብርጭቆ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለን መስበር ነው፤ ስባሪው ሥጋው ውስጥ ከገባ በኋላ ምላጫችንን ይበላዋል። ከዚህ የሚያሰጋው ደግሞ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ፎርማሊን በመልኩ ከውሃ የማይለይ መሆኑ ነው። አስታማሚው አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ይዞት ሲሄድ፣ ቤት አድሮ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው፣ የጠማው ሕፃን አያውቅም።

በጡት ካንሰር ሰዓቱ ራሱ ሕክምናውን ይወስናል። ዕጢው የኤስትሮጅን መቀበያ አለው ወይስ የለውም የሚለው ምርመራ፣ ታካሚዋ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን ትጀምር ወይስ አትጀምር ለሚለው መልስ ይሰጣል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂስቶች ማኅበራት ያወጡት መመሪያ፣ ናሙናው ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ሳያንስ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ እንዲቆይ ይላል። በ6 እና በ72 መካከል ሰፊ ጊዜ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ዓርብ ጠዋት የገባ ናሙና ሰኞ ጠዋት 72 ሰዓቱን ይሞላል፤ ሰኞ በዓል ከዋለ አለፈ።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ መመሪያ የማያውቀው የኛ አገር ወጥመድ አለ። በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት «3፡00» ተብሎ ይጻፋል። በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ የገባውን ጸሐፊው በፈረንጅ ቆጥሮ «3፡00» ቢለው፣ እኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብለን እናነበዋለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ልክ ናሙናው ሊቆይ የሚገባው ዝቅተኛ ጊዜ። ማለትም ገና አሁን የገባውን ቁራጭ በቅቶታል ብለን እናወጣዋለን። በቂ ጊዜ ያላገኘ ዕጢ ቀለሙን ሳይዝ ይቀርና «መቀበያ የለውም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያቺ ሴት የሚጠቅማትን ኪኒን የምታጣው ሰዓት ጻፊው «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል አንዲት ቃል ባለመጨመሩ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ክፍል በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ማሽኑ በአውሮፓውያን ይመዘግባል።

ስምም ሌላ ፈተና ነው። በአንድ ጠዋት ሁለት ፋጡማ መሐመድ ወይም ሁለት አልማዝ ከበደ ቢመጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ሰው ያደርጋታል። የአያት ስምና የካርድ ቁጥር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚጻፈውም በእርሳስ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮልና ዛይሊን በሚባለው ኬሚካል ሲነካ ይለቃል፤ እርሳስ አይለቅም። በክዳኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ስምም ዋጋ የለውም፤ ክዳን ከጠርሙሱ ይለያያል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንግባ። ናሙናው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሚሆን ስስነት ተቆርጦ ሌሊቱን በማሽን ውስጥ ያድራል። ማሽኑ ከቀጭን አልኮል ወደ ወፍራም፣ ከአልኮል ወደ ዛይሊን፣ ከዛይሊን ወደ ቀለጠ ሰም (ፓራፊን) ያሻግረዋል። ይህ የሚሆነው ሰው ቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው። መብራት ሌሊት ከሄደና ጄኔሬተሩ ካልተነሳ፣ ፓራፊኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይረጋል፤ ሥጋውም በቆመበት ይቀራል። አልኮል ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ ይደርቅና ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ማሽን ውስጥ ያለው ደግሞ የአንድ ሰው ናሙና አይደለም፤ የዚያ ቀን ታካሚዎች በሙሉ ናቸው። በብዙ ላብራቶሪዎች ባለሙያዎች በሌሊት ተጠርተው መጥተው የናሙናዎቹን ቅርጫት በእጃቸው ከዕቃ ወደ ዕቃ እያዘዋወሩ ያነጋሉ።

ጠዋት ሥጋው በሰም ተቀብሮ ብሎክ ይሆናል። ብሎኮቹ ሰሙና ሥጋው እኩል እንዲጠነክሩ በረዶ ላይ ይደረደራሉ። አንዱን ማይክሮቶም የሚባለው መቁረጫ ላይ አስሬ በቀኝ እጄ መዘውሩን አዞራለሁ፤ በእያንዳንዱ ዙር ምላጩ 4 ማይክሮን ይልጣል፣ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ለ250 ተከፍሎ አንዱን። ልጦቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ሪባን ይሠራሉ። ሪባኑን በቀጭን ብሩሽ ደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ (የአፍንጫ አየር ይበትነዋል) ሞቅ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፈዋለሁ። ውሃው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ መሆን አለበት። ከበረደ መጨማደዱ አይፈታም፤ ከጋለ ሰሙ ይለቅና ሕዋሳቱ ይበታተናሉ። ከዚያ የብርጭቆ ስላይዱን ከሥሩ አግብቼ ቀስ ብዬ ሳነሳ ልጡ ይለጠፍበታል። በምላጩ ስለት ላይ ለዓይን የማይታይ ጉድፍ ካለ ከላይ እስከ ታች ይተለትለዋል። በዓጥንት ፍርፋሪ፣ በኖራ መሰል ክምችት ወይም በተረሳ የስፌት ክር ምላጭ ይሞታል። ምላጭ በጠፋበት ወር ያው አንድ ምላጭ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየተገፋ ያልተነካ ስለት ይፈለግለታል። ሙሉ ቀን መዘውር ያዞረ ትከሻና አንጓ ደግሞ ማታ ያማል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ውሃ ነው። የቀደመው ታካሚ ቅንጣት ውሃው ላይ ተንሳፍፋ ብትቀር የሚቀጥለው ታካሚ ስላይድ ላይ ትነሳለች። የካንሰር ቅንጣት በጤነኛ ሰው ስላይድ ላይ ማለት ነው። ፓቶሎጂስቶች ብዙ ጊዜ ይለዩታል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። መከላከያው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ብሎክ መሃል የውሃውን ፊት በወረቀት መጥረግ። ሰኮንዶች ይወስዳል። ወረፋ ሲበዛና አለቃ «ፍጠኑ» ሲል መጀመሪያ የሚዘለለው ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ውጤት ሲዘገይባችሁ በቁጣ ደጃችን ስትመጡ፣ ቁጣችሁን ለሠራተኛው ሳይሆን ለሠራተኛው ማነስ እንድታደርጉት እለምናለሁ። ነገሩ ሁሉ ቢቀና እንኳ ከፎርማሊን እስከ ስላይድ ሁለት ቀን ያህል ያስፈልጋል፤ ዓጥንት ከሆነ እስኪለሰልስ ተጨማሪ ቀናት ይወስዳል።

ስላይዱ ቀጥሎ የሚነከርበት ቀለም ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ነው። የመጀመሪያው ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የሚወጣ ሲሆን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርጋል። ሰማያዊ የሚሆነው ግን በሚፈስ ውሃ ሲታጠብ ነው። ቧንቧ በደረቀበት ቀን በጀሪካን ቀድተን እናጥባለን።

የቦታችን ከፍታም ሥራ ውስጥ ይገባል። ቀደም ሲል ያነሳሁት የኤስትሮጅን መቀበያ ምርመራ፣ ፎርማሊን የቆለፈውን ፕሮቲን ለመክፈት ስላይዱን በውሃ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ማፍላት ይጠይቃል። ከምርመራው ኪት ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ95 ዲግሪ በላይ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር ክፍት ዕቃ ውስጥ ከዚያ አይዘልም። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ባለሙያ ደካማ ቀለም ያገኝና ኪቱን ይወቅሳል። መፍትሔው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ነው፤ አለዚያም ጊዜውን አራዝሞ በራስ ናሙና ማረጋገጥ። ከባሕር ዳርቻ የተጻፈ መመሪያ ተራራ ላይ ሲደርስ መፈተን አለበት።

በሽታዎቻችንም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አሲድነቱ ያልተስተካከለ ፎርማሊን ደም ካለበት ሥጋ ጋር ሲገናኝ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ ይህ ነጠብጣብ የወባ ተውሳክ ከሚተወው ቀለም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከጋምቤላ የመጣ የጣፊያ (ስፕሊን) ቁራጭ ላይ ይህን ማየት ለፓቶሎጂስቱ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ አስቡት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ በላዩ ያለው ሰም መሰል ሽፋን በዛይሊን በቀላሉ ስለሚታጠብ፣ ለቲቢ የሚሠራው የተለመደ አቀላለም ሊያሳጣው ይችላል። ለዚህ ሲባል ዛይሊኑ ከለውዝ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ሽፋኑን ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስሙን ያገኘው ይህን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው በሽታ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን።

ስለ ሠራተኛው ጤና ሳልናገር አልወርድም። በ1893 እ.ኤ.አ. ፌርዲናንድ ብሉም የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም ፎርማልዲሃይድን ለተሕዋስያን ማጥፊያ እየፈተነ ሳለ የገዛ ጣቶቹ ቆዳ ሲጠነክር አየ፤ ሥጋን ለማይክሮስኮፕ ማጠንከሪያነቱም የተገኘው በዚሁ ነው። የታካሚውን ሥጋ የሚያጠነክረው የሠራተኛውንም ሥጋ ያጠነክራል ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምዳል፤ አዲስ የገባ ሰው ዓይኑ ሲያለቅስ ነባሩ «ዛሬ ምንም የለም» ይላል። በተለምዶ የምናጠልቀው የቀዶ ሕክምና ማስክ ጢስ የመሰለውን ተን አይከለክልም፤ የሚያድነው አየር መጣጭ ያለው ሥራ ቦታና ልዩ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው። ነፍሰ ጡር ባልደረባ ስትኖር ወደ ሌላ ክፍል መዛወር መብቷ እንጂ ልመናዋ መሆን የለበትም። መጣጩ ተበላሽቶ መስኮት ከፍተን የምንሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህ ሊቀጥል አይገባም።

ብዙ ጊዜ ሰዎች ላብራቶሪ መርዳት ሲፈልጉ ማሽን ይሰጣሉ። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ምላጩ በገበያ የማይገኝ፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ብቻ የሚመጣ፣ የሚጠግነው ሰው የሌለ ማሽን ከዕርዳታው ሥነ ሥርዓት በኋላ ብዙም አይቆይም። እኔ ብጠየቅ ከአዲስ ማሽን በፊት በየወረዳው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል አፉ ሰፊ፣ ፎርማሊኑ አስቀድሞ የተሞላ፣ መርዝ መሆኑ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈበት ዕቃ እንዲቀመጥ አደርግ ነበር። ቀጥሎም ለአንድ ነርስ የሚበቃ ግማሽ ቀን ሥልጠና። ጥቁር አንበሳም፣ ጎንደርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም ያሉት ፓቶሎጂስቶች ሊያነቡ የሚችሉት የደረሳቸውን ብቻ ነው።

እናንተም የቤተሰባችሁን ናሙና ተሸክማችሁ እንድትሄዱ ከተጠየቃችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። «ፎርማሊን ነው ያለው? ሥጋውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል? ስንት ሰዓት ገባ፣ ጠዋት ነው ከሰዓት? ስሙ ዕቃው ላይ ነው ወይስ ክዳኑ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠይቅን አስታማሚ የሚቆጣ ባለሙያ ቢኖር እንኳ ጠይቁ። ደረቅ ጎዝ ላይ ተጠቅልሎ ከተሰጣችሁ መንገድ አትጀምሩ።

ውጤቱ ከወጣ በኋላም የሰሙ ብሎክ አይጣልም፤ በአግባቡ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ አዲስ ምርመራ ሲመጣም ከእሱ ሌላ ልጥ ይወሰዳል። ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ የምትሄዱ፣ ወይም አሜሪካ ያለ ልጃችሁ ለሌላ ሐኪም ላሳይ የሚላችሁ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ብሎኩን ወይም ቀለም ያልነካቸው ስላይዶችን ከላብራቶሪው ፈርማችሁ ጠይቁ፤ ብሎኩ የፎርማሊን ፈሳሽ ስለሌለበት ለመንገድ ምቹ ነው። ሰሙ የሚቀልጠው ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ከዚያ በታችም ይለሰልሳልና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። በውጤት ወረቀቱ ራስ ላይ ያለውን የፓቶሎጂ ቁጥርም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከዓመታት በኋላ ከመደርደሪያው ፈልገን የምናወጣው በስም ሳይሆን በእሱ ነው።